መፀውን በአዋሽና በሰመራ፦ ሙቀቱ ሲበርድ የሚጎበኙ የአፋር ከተሞች

መስከረም ሲጠባ የዓለም የጉዞ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን ይለውጣሉ። የሐምሌና የነሐሴው የባሕር ዳርቻ ሥዕል ይወርድና በቀይና በቢጫ ቅጠል የተሸፈኑ ከተሞች ይተካሉ። የጃፓኗ ኪዮቶ በኅዳር ወር የዛፎቿን መቅላት ሊያይ በመጣ እንግዳ ትጨናነቃለች፤ ፕራግ፣ ቪየናና ኒውዮርክም በዚሁ ወቅት የሚመረጡ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዕረፍት ወራቱ ግርግር አልፏል፤ ፀሐይ አትለበልብም፤ ብርዱም ገና አልበረታም። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ከቤት ወጥቶ አንድ ከተማን ተዘዋውሮ ማየት ለሚሻ ሰው ተስማሚ ጊዜ ነው።

ይህ ወቅት በእኛም ዘንድ ስም አለው፤ መፀው ይባላል። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ልዩነቱ በሰሜኑ ዓለም ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት በደጋው ኢትዮጵያ ሜዳው በአደይ አበባ መድመቁ ነው። በዚህ ጊዜ አገር ጎብኚው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ያመራል፤ ምርጫው ትክክለኛ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ መፀው በእውነት የሚለውጣቸው፣ በሌላው ጊዜ ለመጎብኘት የሚከብዱ ሁለት ከተሞች በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ አሉ። እነርሱም አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ናቸው።

ሁለቱም በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቁት በመስኮት ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ያድርባቸዋል፤ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ተሳፋሪ ሻይ ይጠጣባቸዋል፤ ኤርታሌን ሊያይ የመጣ የውጭ ዜጋ ውኃና ነዳጅ ይሞላባቸዋል። ሁሉም ያልፍባቸዋል እንጂ ለራሳቸው ሲል የሚቆምላቸው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ቆሞ ማደርን ለሚያስብ ተጓዥ የተዘጋጀ ነው።

ካርማ ወጥቶ ጊላል ሲገባ

የአፋር ሕዝብ ዓመቱን የሚከፍልበት የራሱ ስሌት አለው። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ካርማ ይባላል። እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ጊዜ ጊላል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ዳዳ የሚሉት ጥቂት ዝናብ ጠብ ሊል ይችላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሱጉም የሚባለው አነስተኛ ዝናብ ይጠበቃል፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ሐጋይ፣ ማለትም ጥላ ፍለጋ ሰውም ከብትም የሚሰደድበት የንዳድ ጊዜ ነው። እንግዲህ የደጋው ሰው መፀው የሚለው ካርማ አብቅቶ ጊላል የሚጀምርበትን መሸጋገሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ በቆዳ የሚታወቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሰመራ በሐጋይ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትሞቃለች፤ ሌሊቱም እምብዛም አያሳርፍም። በኅዳር ግን ቀኑ ሞቃት ቢሆንም ጠዋትና ማታ በእግር መሄድ ይቻላል፤ እንቅልፍም ይወስዳል። ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላት አዋሽ ደግሞ በዚህ ጊዜ ሌሊቷ ነጠላ የሚያስደርብ ነው።

በመስከረም ግን መቸኮል አያስፈልግም። በደጋው የዘነበው ውኃ ወደ ታች የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ፣ የአዋሽ ወንዝ ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ ዳርቻዎች ይሞላል። ወንዙ ከዳር ወጥቶ እርሻና መንደር ያጥለቀለቀባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም፤ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያና በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የደረሰው ጎርፍ በርካታ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ነው። ሜዳው አረንጓዴነቱን ገና ያልጣለበት፣ መንገዱም ጭቃውን ያደረቀበት ጊዜ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ

አዋሽ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል በወንዙ ሸለቆ አፋፍ ላይ ጣቢያ ተከለ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያ ዘመን የባቡር ጉዞ ቀናት የሚወስድ ስለነበር መንገደኛው ምግብ የሚበላበትና የሚያድርበት ቤት ያስፈልገው ነበር። በጣቢያው አጠገብ ያለው፣ ቡፌ ዳዋሽ በሚል የፈረንሳይኛ ስሙ የሚታወቀው አሮጌ ሆቴል የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የለገሃር ትዝታቸውን በትልልቅ ሕንፃዎች መካከል ሲፈልጉ፣ አዋሽ ላይ ግን አሮጌው ሐዲድ፣ ጣቢያውና ሆቴሉ ገና ከከተማው ኑሮ ጋር እንደተያያዙ ይታያሉ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከተማዋን ለማየት የተሻለው መነሻ ይህ ስፍራ ነው።

ከጣቢያው ወደ ደቡብ ጥቂት ሲሄዱ ምድሩ በድንገት ያልቃል። አዋሽ ወንዝ ለዘመናት ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቆርሶ የሠራው ጥልቅ ገደል ከእግር ሥር ይከፈታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የገደሉ ግድግዳ ከጥቁርነት ወደ ዳማነት ይለወጣል፤ ዝንጀሮዎች ወደ ማደሪያቸው ይወርዳሉ፤ ከታች ወንዙ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ለዚህ መግቢያ የሚከፈል ገንዘብ የለም። የገደሉ አፍ ግን በብዙ ቦታ አጥር ስለሌለው ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ይጠንቀቅ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ሲሰጥ፣ አዋሽ አዲስ ጣቢያ አገኘች። ከፉሪ ለቡ የሚነሣው የመንገደኞች ባቡር በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ወደ ወልድያ አቅጣጫ በኮምቦልቻ በኩል እንዲሄድ የተጀመረው ሌላው የሐዲድ መስመርም መነሻው አዋሽ ነው። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ሰዓቱንና ትኬቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝም ያስፈልጋል። በመኪና የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

በመኪና የሄደ ሰው ባቡሩ የማይሰጠውን አንድ ትምህርት መተሐራ አካባቢ ያገኛል። መንገዱ በበሰቃ ሐይቅ መካከል ያልፋል። ሐይቁ በ1950ዎቹ ዓመታት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ኩሬ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገዱን፣ የቀድሞውን ሐዲድና የግጦሽ መሬቱን ገፍቷል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም። በውኃ ጥም በሚታወቅ ምድር ላይ የማይጠጣ ውኃ ሲበዛ ማየት የሚያስገርም ነው።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ሲሆን በተለምዶ የሚጠቀሰው ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከአገሪቱ ቀደምት ፓርኮች አንዱ ነው። አውራ ጎዳናው ፓርኩን ለሁለት ስለሚከፍለው፣ ጎብኚ ያልሆነ መንገደኛም ሳያውቀው በውስጡ ያልፋል። በደቡቡ በኩል ባለው ኢላላ ሳላ ሜዳ ረጅምና ቀጥ ያለ ቀንድ ያላቸው ሳላዎች በመንጋ ሆነው ይግጣሉ። አጋዘን፣ ከርከሮ፣ ሰጎን፣ በወንዙ ዳር ደግሞ አዞ ይታያል። ከ450 የሚበልጡ የአዕዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል፤ በመፀው ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች ስለሚጨመሩ ወፍ ተመልካቾች ይህን ወቅት አይለቁም። የአዋሽ ፏፏቴም ከክረምቱ ማግስት ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። በሚያዝያ ለሄደ ሰው ግን ይኸው ፏፏቴ ከድንጋይ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ ሊሆንበት ይችላል።

በሰሜኑ በኩል ያለው ፍልውኃ የተለየ ገጽታ አለው። ከፈንታሌ ተራራ ማዶ ከመሬት የሚፈልቀው ሙቅ ውኃ በዘንባባ መሳይ የዱም ዛፎች ተከቦ ሰማያዊ ኩሬ ሠርቷል። ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ያለ አካባቢው ሰው ምክር መግባት አደገኛ ነው። ውኃው ለጎብኚው መታጠቢያ ቢመስልም ለአርብቶ አደሩ የከብት ማጠጫ ነው፤ ግመሎች በመጡ ጊዜ ቦታ መልቀቅ ተገቢ ነው። ፓርኩ የአፋር፣ የከረዩና የኢቱ አርብቶ አደሮች የግጦሽ ምድር ላይ የተቋቋመ በመሆኑ፣ የሣርና የውኃ ጥያቄ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ አልተቋጨም።

መንገዱ ራሱ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቸኩሎ በግማሽ ቀን መጨረስ ይቻላል፤ ጠዋት በማለዳ ተነሥቶ በየቦታው እየቆሙ መሄድ ግን ይመረጣል። ከከተማዋ እንደወጡ በስተቀኝ የሚዘረጋው የሐላይደጌ ሜዳ በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው የግሬቪ የሜዳ አህያ ከሚገኝባቸው የኢትዮጵያ ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነው የአያሉ ተራራ ብቻውን ከሜዳው ላይ ብድግ ብሎ ይታያል፤ በሥሩ ገዋኔ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ ያለው የያንጉዲ ራሳ ፓርክ ለአፍሪካ የዱር አህያ ጥበቃ የተከለለ ነው። አህያዋን ከአውራ ጎዳናው ላይ ሆኖ አያለሁ ብሎ ተስፋ ማድረግ ግን ራስን ማታለል ነው።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ለረጅም ርቀት የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ እሾኻማ ቁጥቋጦ የአገሩ ተክል አይደለም። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባል፣ ከላቲን አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው። በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ የተተከለው ዛፍ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወሮ፣ ሣሩን አጥፍቶ፣ ወደ ወንዝ የሚወስደውን የከብት መንገድ ዘግቷል። አረንጓዴነቱ ለመንገደኛ ዓይን ደስ ቢያሰኝም ለአርብቶ አደሩ የመንጋው መመናመን ነው።

ሰመራ፣ ሎጊያና አሳይታ

ሰመራ ያረጀ ሕንፃ የላትም። አሳይታን ተክታ የክልሉ ርእሰ ከተማ እንድትሆን በባዶ ሜዳ ላይ ታቅዳ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰፋፊ መንገዶቿ፣ የመንግሥት ሕንፃዎቿ፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲዋና በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያዋ ሁሉም የቅርብ ጊዜ ናቸው። በቀን ያያት ሰው ጭር ያለች ሊላት ይችላል። ፍርዱን እስከ ማታ ማቆየት ይገባዋል። በሞቃት አገር ኑሮ የሚጀመረው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነውና፣ የምሽቱ ነፋስ ሲነሣ ሻይ ቤቱ ወንበሩን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ሽርጥ ያገለደሙ ሰዎች በየደጁ ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎች በመንገዱ መብራት ሥር ይሰበሰባሉ።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ሎጊያ ደግሞ የሰመራ ተቃራኒ ናት። ያለ ዕቅድ ያደገች፣ ጠባብና ጫጫታ የበዛባት፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከተማ ናት። የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ስለሆነ የአገሪቱ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ነዳጅ በዚህች ከተማ ደጃፍ ያልፋል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር ሰመራ ሎጊያ ተብለው ይጠራሉ። ለአዳር ሰመራ፣ ለእራት ሎጊያ ብንል ብዙ አንሳሳትም። የፍየል ሥጋ፣ ሩዝና ፓስታ በየምግብ ቤቱ አለ፤ የግመል ወተት ለማያውቀው ሰው ጨው ጨው ይላል፤ መጀመሪያ በጥቂቱ መቅመስ ይበጃል።

ከሎጊያና ከዱብቲ ብዙም የማይርቀው አላሎባድ ውኃ ከመሬት ውስጥ እየተንፈቀፈቀ በእንፋሎት የሚወጣበት ስፍራ ነው። እንደ አዋሹ ፍልውኃ የሚዋኙበት አይደለም፤ ውኃው ይፈላል። በዳርቻው ያለው ቅርፊት መሬት ጠንካራ መስሎ ከእግር በታች ሊደረመስ ስለሚችል መንገድ የሚያሳይ የአካባቢው ሰው የግድ ነው። ጠዋት ማልዶ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ የሄደ ሰው እንፋሎቱን ከፍ ብሎ ያየዋል።

ለአንድ ቀን ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ግን አሳይታን ይምረጥ። ከሰመራ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ፣ ከሰመራ በፊትም የክልሉ ዋና ከተማ ነበረች። የቆዩ ቤቶቿ፣ መስጊዶቿና ወንዙን ቁልቁል የሚያዩት ደጃፎቿ ሰመራ የሌላትን ዕድሜ ይሰጧታል። አዋሽ እዚህ ሲደርስ በሰባት ኪሎ ገደል ውስጥ ሲያጓራ የነበረው ወንዝ አይመስልም፤ ረጋ ብሎ፣ ቡና መስሎ፣ በእርሻና በዱም ዛፍ መካከል ይተኛል። አመሻሹ ላይ ከአፋፉ ሆኖ ወንዙን መመልከት ከአዋሽ እስከ አሳይታ ከተዘረጋው ጉዞ ሁሉ በእኛ አስተያየት የላቀው ሰዓት ነው። በሞቃቱ ወራት የከተማዋ ሰው አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ ከከዋክብት ሥር ያድራል፤ በመፀውም ቢሆን ይህን ልማድ የሚመርጡ አሉ።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ከአሳይታ ማዶ በጋማሪና በአፋምቦ ሐይቆች አልፎ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ይህንን መጨረሻውን ተከትሎ የተጓዘው አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1934 ነበር። ያለ አውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ ማለፍ የማይታሰብ ስለነበር ፈረንጁ ፈቃዱን ለምኖ፣ አስፈቅዶ ነው የሄደው። ዛሬም ወደ ሐይቆቹ ለመሄድ ፈቃድና አጃቢ ያስፈልጋል።

ምድሩ አጥንት የሚመልስበት ወቅት

በአዋሽ ሸለቆ የተገኙትን ታላላቅ የሰው ዘር ቅሪተ አካላት ቀኖች በተርታ ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ድንቅነሽ በዶናልድ ጆሃንሰንና በቶም ግሬይ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ ላይ የአርዲ አፅም የመጀመሪያ ቁርጥራጮች በዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የታዩት በ1987 ዓ.ም. መፀው ነው። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ሰላም የተባለችውን ሕፃን ዲኪካ ላይ ያገኘው ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሦስቱም በአንድ ወቅት የሆኑት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን አጥቦ አዲስ አጥንት ያወጣል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ደግሞ ተመራማሪዎች ድንኳናቸውን ይተክላሉ። መፀው በአፋር የጎብኚ ብቻ ሳይሆን የሳይንስም ወቅት ነው።

ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን፣ ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐዳርን ለማየት የሚፈልግ ሰው በሰመራ ከሚገኘው የክልሉ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ፣ ባለ አራት እግር ተሽከርካሪ መኪና መያዝና አንድ ሙሉ ቀን መመደብ አለበት። ቦታው ላይ ሲደርስም አፅሙን አያይም፤ የሚያየው በጎርፍ የተሸረሸረ ግራጫና ቡናማ ኮረብታ ነው። የድንቅነሽ አካል የሚጠበቀው በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ከነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለ60 ቀናት ደግሞ ድንቅነሽና ሰላም በቼክ ዋና ከተማ በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለእይታ ቀርበው ነበር። በዚያ መፀው ፕራግን ሊጎበኝ የሄደ አውሮፓዊ የአፋርን ሴት ለማየት ተሰለፈ ማለት ነው። ከእኛ መካከል ግን የተገኘችበትን ምድር ያየ ስንት ይሆን?

መሬቱ ያልተረጋጋ ነው

አፋር የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የመሬት ንጣፎች የሚለያዩበት መገናኛ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከሰመራ በስተምዕራብ ባለው የዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ላይ ምድሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተላቅቋል። ይህ ለሳይንሱ ዓለም ትልቅ ዜና ነበር።

የ2017 ዓ.ም. መፀው ግን ለአዋሽ አካባቢ ነዋሪ ዜና ብቻ አልነበረም። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የመሬት መንቀጥቀጡ ለወራት ቀጠለ፤ አንዳንዱ ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ አናወጠ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በዶፈን አካባቢ ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎትና ጭስ ተወረወረ፤ ቤቶች ተሰነጠቁ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጥተው በመጠለያ ሰፈሩ። የካቲት 7 ቀን ደግሞ በሬክተር መለኪያ 6 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን አፋር፣ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ በቀይ ባሕር ላይ ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንንና ሕንድን ደረሰ። በአቅራቢያው ያለው የአፍዴራ መንደሮች ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ።

ይህን የምንጽፈው ተጓዡን ለማስፈራራት አይደለም። መንገደኛን አሳድረው፣ ምግብና ሻይ ሸጠው የሚኖሩ ከተሞች እንግዳ ሲቀርባቸው የሚጎዱት በመንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ከረጋ በኋላም ወሬው ለብዙ ጊዜ አይረጋም። በሌላ በኩል አደጋውን ችላ ብሎ መሄድም ሞኝነት ነው። ከመነሣት በፊት የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንንና የክልሉን ማሳሰቢያ ማየት፣ ማደሪያ ሲይዙ ምድር ቤትን ወይም ባለ አንድ ፎቅ ቤትን መምረጥ፣ ወደ ፈንታሌና ዶፈን ስንጥቆች ያለ መሪ አለመጠጋት ይበቃል። በክልሉ ወሰን አካባቢዎች አልፎ አልፎ ግጭት ስለሚያጋጥም የመንገዱን ሁኔታም በዚያው ቀን መጠየቅ ያሻል፤ በሌሊት መንዳት ግን በምንም ጊዜ አይመከርም።

ኤርታሌንና ዳሎልን በዚሁ ጉዞ እጨምራለሁ ለሚል ሰው ምክራችን አይሁን ነው። እነርሱ ራሳቸውን የቻለ ዝግጅት፣ ብዙ ውኃና ብዙ ቀን ይጠይቃሉ።

እንግዳ ሆኖ መሄድ

ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ሰላምታ ብቻ አይደለም። የመጣበትን መንገድ፣ የዝናቡን፣ የሣሩን፣ የበሽታውን፣ የሰላሙን ነገር አንዱ ለሌላው የሚያስረዳበት የተደራጀ የወሬ ሥርዓት ነው። ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር ግዴታ ነው፤ ሐሰት ያቀበለ ሰው ይወቀሳል። እንግዳም ቢሆን ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ምን እንዳየ ይጠየቃል። ጥያቄውን እንደ ምርመራ መቁጠር የለበትም፤ በበረሃ የሰው ሕይወት የሚቆየው በዚህ ወሬ ነው።

ሕዝቡ ሙስሊም ነው፤ ሰውነትን የሚሸፍን ስስ የጥጥ ልብስ ለሥርዓቱም ለፀሐዩም ይስማማል። ሰውን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ጠብ ያስነሣል። በመፀው የወባ ትንኝ የሚበዛበት ጊዜ በመሆኑ አጎበር መያዝና የሐኪም ምክር መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሎጊያና በሚሌ የደንጊ ትኩሳት ስለታየ በቀን የሚናከሰውንም ትንኝ መከላከል ይገባል። የታሸገ ውኃ በብዛት መያዝ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት ደግሞ ከጥላ አለመውጣት ነው።

አራት ቀን ያለው ሰው ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ሌሊት አዋሽ ላይ፣ ሁለቱን ሰመራ ወይም አሳይታ ላይ ቢያድር ይበቃዋል። በአውሮፕላን መመለስ ለሚሻ ከሰመራ በረራ አለ። በመኪና የሄደ ሰው አንድ ቀን ጨምሮ በመጣበት ባይመለስ ይሻላል፤ ከሚሌ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ እሑድ ማታ ባቲ ይደር። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ሕዝብ ከቆላና ከደጋ ተገናኝቶ ግመልን፣ ፍየልን፣ የጨው አሞሌንና እህልን የሚለዋወጥበት ገበያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ የቀረው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።